ከአጋሮ መንገድ የመጣ ንዝረት፦ የአንዲት ራቭ-4 ጎማዎችና የኋላ ሻፍት ጉዳይ

መኪናዋ በፈረንጆች 2003 የተሠራች፣ ማርሿ በእጅ የሚለወጥ፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማዎቿ የምትነዳ ቶዮታ ራቭ-4 ናት። ባለቤቷ በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር ሲሆኑ ኑሯቸው ጅማ፣ የቡና ማሳቸው ደግሞ አጋሮ አለፍ ብሎ ነው። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዋናው መንገድ አያስቸግርም፤ ከእሱ ተገንጥሎ ወደ ማሳው የሚያስገባው ግን ክረምት በገባ ቁጥር ቀይ ጭቃ ነው። መምህሩ በ2017 ዓ.ም. መስከረም መኪናዋን ወደ ጋራዣችን ሲያመጡ ከቁልፉ በፊት የሰጡኝ በላስቲክ የታሰረ የደረሰኝ ጥቅል ነበር።

ቅሬታቸው አጭር ነው፤ ከ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ወንበሩ ይርገበገባል፣ አቀበት ላይ ደግሞ ከሥር አንድ ነገር ያጉረመርማል። መሪው ምንም አይልም። ከደረሰኞቹ እንዳየሁት አንድ ጎሚስታ አራቱን ጎማዎች ባላንስ አድርጎ (የዙሪያ ክብደታቸውን አመጣጥኖ) ነበር። ንዝረቱ ሲመለስ የቀኙ የኋላ ጎማ በ«አዲስ» ተቀየረ። እንደገና ሲመለስ ሌላ ጋራዥ የዚያኑ ጎማ ኩሽኔታ ለወጠ። አዲስ አበባ ደርሰው ደግሞ የጎማ አቅጣጫ አስተካክለዋል። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ «ትንሽ ተሻለ» ብለው ነበር። የሚያሳስተው ይህ ትንሽ መሻሻል ነው፤ ሰው የተሻለው ነገር ሲያገረሽበት ያንኑ ሥራ እንዲደግሙለት ይጠይቃል፣ ባለሙያውም ይደግምለታል።

መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት

ማንኛውም የንዝረት ጉዳይ መኪናው በክሪክ ከመነሳቱ በፊት በመንገድ ላይ መታየት አለበት። ይህን የምለው ብዙ ጋራዥ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሚሠራ ነው። ባለመኪናው ገና አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዳዶው ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ሁሉ ጥፋተኛ ይሆናል።

ስለዚህ መምህሩን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ሰርቦ በሚወስደው የአዲስ አበባ መንገድ ወጣን። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው፤ የፊት ጎማ ንዝረት መጀመሪያ የሚታወቀው በእጅ ነው። ፍጥነታችን 80 ሲደርስ ንዝረቱም ጉርምርምታውም አብረው መጡ። መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ ሆኖ ባገኘሁት ቦታ ሞተሩን ሳላጠፋ ማርሹን ዜሮ አደረግሁና መኪናዋ በራሷ እንድትንሸራተት ለቀቅኳት። ጉርምርምታው ወዲያው ተቋረጠ። ዝግ ያለው የወንበር ንቅናቄ ግን ቀጠለ፤ ፍጥነቱ ሲወርድም አብሮ ወረደ።

(ይህ ሙከራ በሜዳማ መንገድ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ የሚያደርጉ አሽከርካሪዎች አሉ፤ ሞተሩ ለፍሬኑ የሚሰጠውን እገዛ ትተው በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱበትን ድፍረት ከየት እንዳመጡት አላውቅም።)

ከዚህ በኋላ አንድ ብልሽት ሳይሆን ሁለት ብልሽት እንዳለ አልተጠራጠርኩም። ጎማ ሞተሩ ቢጎትተውም ባይጎትተውም ይዞራል፤ ስለዚህ ያልተስተካከለ ጎማ በዜሮ ማርሽም ይነቀንቃል። ሻፍት፣ ማለትም ጉልበትን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ ግን የሚጨነቀው ጭነት ሲኖርበት ነው፤ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሳ እፎይ ይላል። የዚህች መኪና ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ አሥር ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሻፍቱም ከጎማው ጋር እኩል ይዞራል፤ ነገር ግን ወደ መኪናዋ መሃል ያለው የውስጠኛው መጋጠሚያ ሦስት ተሽከርካሪዎች ስላሉት ሲበላ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ይገፋል፣ በሰከንድ ሠላሳ መሆኑ ነው። አሥሩ ወንበር ያነቃንቃል፣ ሠላሳው ያጉረመርማል። ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ላይ ተደራርበው ስለሚመጡ አንዱ ሲቀንስ «ተሻለ» ይባላል፣ ሌላው ሲቀር «አልተሠራም» ይባላል።

ጎማዎቹ

መጀመሪያ የታጠበው የቸርኬዎቹ የውስጥ ገጽ ነው። ውጭያቸው ንጹሕ ነበር፤ መኪና አጣቢዎቹ የሚታየውን አጥበዋል። ከውስጥ በኩል ግን በሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች ጠርዝ ላይ የደረቀ ቀይ ጭቃ ተለጥፏል፣ በቀኙ ላይ በአንድ ወገን ብቻ ጥቅጥቅ ብሎ። ጭቃ ቀላል ነገር ይመስላል። ከመሃሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተለጠፈ 50 ግራም ጭቃ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል ግን የ4 ኪሎ ዕቃ ክብደት ያህላል፣ ያውም በየሰከንዱ አሥር ጊዜ አቅጣጫውን እየለወጠ። የመጀመሪያው ባላንስ የሠራው ለዚህ ነበር፤ ጎሚስታው ቸርኬውን አጽድቶ የማመጣጠኛ እርሳሱን ለጠፈ፣ መኪናዋ ማሳ ደርሳ ስትመለስ ጭቃው ተመልሶ ቦታውን ያዘ። በአንድ ጊዜ ጉዞ የሚፈርስ ሥራ ነው፤ ጥፋቱም የጎሚስታው አይደለም። ለመምህሩ የነገርኳቸው ከማሳ በተመለሱ ቁጥር ከመድረቁ በፊት ውኃውን ከውስጥ በኩል እንዲያስረጩበት ነው።

ቀጥሎ የጎማውን ጎን ማንበብ መጣ። ሦስቱ 215/70 አር 16 ናቸው። ሌላ ሰው «አዲስ» ብሎ የገጠመው የቀኙ የኋላ ጎማ ግን 225/70 አር 16 ነው። ቸርኬው ይቀበለዋል፣ ከአካሉ ጋር አይነካካም፣ በዓይን ሲታይም ልዩነቱ አይያዝም። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። 225 ሚሊ ሜትር ስፋቱ ነው፤ 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው፤ 16 የቸርኬው ኢንች ነው። ስለዚህ የዚህ ጎማ ቁመት ከላይ እስከ ታች 721 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ215ቱ ሲገዛ 707 ነው፤ ሦስቱ ነባር ጎማዎች ጥርሳቸው ከ8 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ስለወረደ ደግሞ 699 ደርሰዋል። ልዩነቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 455 ጊዜ ሲዞር ትልቁ 441 ጊዜ ይዞራል። አጋሮ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ የኋላው ዲፈረንሻል (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው የጥርስ ሳጥን) በቀኝና በግራ መካከል ከ1,200 ዙር በላይ ልዩነት እየዋጠ ነበር። በቀጥተኛ መንገድ ላይ የማያቋርጥ ኩርባ እንደመታጠፍ ነው።

ይህ በሁለት ጎማ ብቻ በምትነዳ መኪና ላይ ቢሆን ዲፈረንሻሉን ያደክመዋል ብዬ አልፈው ነበር። ይህች ግን በፊትና በኋላ መካከልም ዲፈረንሻል አላት፤ እዚያ ላይ ደግሞ የሲሊኮን ፈሳሽ ያለበት ማያያዣ ተቀምጧል። ሥራው ከፊት ወይም ከኋላ ያለው ወገን ጭቃ ውስጥ ሲያንሸራትት ጉልበቱን ለሌላው ማካፈል ነው። የፍጥነት ልዩነቱ ለአፍታ ሲሆን ይሠራል፤ ልዩነቱ ሰዓታት ሙሉ ሲቀጥል ፈሳሹ ይሞቃል፣ ማያያዣው እየጠነከረ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ፊትና ኋላ አንድ ላይ እንደተሰፉ ይቀራሉ። የታሸገ ዕቃ ስለሆነ ተከፍቶ አይጠገንም። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክና ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው የሚባለው ለዚህ እንጂ ጎማ ለመሸጥ አይደለም። እንደ ዕድል ሆኖ የመምህሩ መኪና እዚያ አልደረሰችም፤ በጋራዡ ግቢ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረን ቀስ ብለን ስናሽከረክራት አልተያዘችም፣ ጎማዎቹም መሬት ላይ አልተፋጩም።

ከዚያ ደግሞ ዕድሜው። በጎማ ጎን ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። በዚያ «አዲስ» ጎማ ላይ 3314 ይላል።

«ይኸው፣ 14 ይላል» አሉ መምህሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ሻጩም የ2014 ነው ብሎኛል። ገና ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ጋሼ፣ የ2014 መሆኑ ልክ ነው። ግን የፈረንጆቹ 2014 ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው አሰቡ። የ2014 ሠላሳ ሦስተኛ ሳምንት በእኛ ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ነው። ጎማው አሥር ዓመት ሞልቶታል። «ዕድሜዬን ሙሉ የዘመን አቆጣጠር ያስተማርኩ ሰው በጎማ ልታለል!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ጥርሱ ቢኖርም ከአሥር ዓመት እንዳያልፍ ይመክራሉ። የዚህኛው ጥርስ ሙሉ ነው፤ ጎኑን በአውራ ጣት ገፋ ስናደርገው ግን ከጥርሶቹ ሥር ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ብቅ አሉ። እዚህ አገር ጎማ የሚገዛ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ሲያይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መቁጠር አለበት፤ ሻጩ ሁልጊዜ አይቆጥርለትም።

መፍትሔው በኋላ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ንዝረት ያመጣል ተብሎ የተነሳው ነባሩ ጎማ ትርፍ ጎማ ሆኖ እዚያ ተቀምጧል፦ 215/70፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሥሪት፣ ጥርሱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥሩም ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር ይገጥማል። ምንም አልሆነም። መለስነው። አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ደግሞ ወደ ትርፍነት ወረደ፤ ለዚያም ቢሆን ቅርብ ጎሚስታ እስኪያደርስ ካልሆነ እንዳይጠቀሙበት ነግሬያቸዋለሁ።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር ልጨምር። መምህሩ «አዲስ አበባ የሞላሁት እዚህ ስደርስ ይጎድላል፣ ያፈሳል እንዴ?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። አያፈስም። አዲስ አበባ ከጅማ ከ500 ሜትር በላይ ትበልጣለች፤ ወደ ታች ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው አንድ ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ንፋስ የሚለካበት የግፊት መለኪያ) ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል። ከዚያ በላይ ከጎደለ ግን ቫልቩን በሳሙና ውኃ ማየት ነው። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት፣ በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ ይሞላ፤ ሌላው ዝርዝር አያስፈልግም።

ሻፍቱ

ጉርምርምታውን ለመፈለግ መኪናዋ በመደገፊያ ላይ ቆመች፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ጋራዣችን ውስጥ አይሠራም። ረዳቴ የቀኙን የኋላ ጎማ እንዳወጣ ከሥር ባለው ክንድ ላይና በወለሉ ሽፋን ላይ ግማሽ ክብ የሆነ ጥቁር ቅባት አየን። ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። የውስጠኛው መጋጠሚያ የላስቲክ ሽፋን ከማሰሪያው አጠገብ ተቀዷል፣ ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ግራሶው በቀዳዳው እየተረጨ ወጥቷል፣ በምትኩ ጭቃና ውኃ ገብቷል። ሻፍቱን በእጄ ይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስጠመዝዘው ሊሰማ የማይገባው ክፍተት ይሰማል። ኩሽኔታውን የለወጡት ሰዎች ጎማውን ሲያወጡ ይህ ከዓይናቸው ፊት ነበር።

ለምን እንደታለፈ ግን ይገባኛል። የፊት ሻፍት መጋጠሚያ ሲበላ ኩርባ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ራሱን ያጋልጣል፤ ባለመኪናውም መካኒኩም ያን ድምፅ ያውቁታል። የኋላ ጎማ ከመሪ ጋር አይታጠፍም፤ ስለዚህ የኋላው መጋጠሚያ ያን ድምፅ አያሰማም። ጭነት ሲበዛበት ብቻ ያጉረመርማል፣ ጉርምርምታውም የኩሽኔታ ይመስላል። ዘይት በተለወጠ ቁጥር የፊቱን የላስቲክ ሽፋን ያየ ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ የኋላውን ቢያይ ይህ ሁሉ ወጪ ባልመጣ።

የሻፍቱ የጫፍ ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ ፍሬን ተረግጦ ነው፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚታገሉት ዕቃ ይሰብራሉ። ከዲፈረንሻሉ በኩል ሲነቀል ደግሞ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ጥርሱ የዘይት ማገጃውን ከንፈር ከጫረ ነገ ዲፈረንሻሉ ያለቅሳል፤ እኛ ማገጃውን በነካ እጃችን ለወጥነው። ከወጣ በኋላ በአንድ ጫፉ አይንጠለጠልም፣ መኪናውም ሻፍት በሌለው ጎማ ላይ ክብደቱን ጥሎ አይገፋም፤ ኩሽኔታው ያን ጊዜ ደጋፊ የለውም።

መጋጠሚያውን ፈትተን በነጭ ጋዝ አጠብነው። ሦስቱ ተሽከርካሪዎች የሚንሸራተቱበት ቤት ሦስት ጎድጓዳ መንገዶች አሉት፤ በአንደኛው ውስጥ ጥፍሬን ሳንሸራትት ያዘኝ። መካከል ላይ፣ ተሽከርካሪው በብዛት በሚቀመጥበት ቦታ፣ ብረቱ ተበልቶ ጉድጓድ ሠርቷል። ውሳኔው እዚህ ላይ ነው። መንገዱ ልሙጥ ቢሆን ኖሮ አዲስ ሽፋንና ትክክለኛው ግራሶ ይበቃው ነበር፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ጥፍር ከያዘ በኋላ ግን ግራሶ የሚጨምር ሰው የሚሸጠው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። መምህሩ «ግራሶውን ብቻ ሞልታችሁ ቡናው እስኪለቀም ብትሸኙኝስ?» ብለው ጠይቀዋል። እምቢ አልኩ፤ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ነው መኪናዋ ጆንያ ተጭናባት አቀበት የምትወጣው።

ያገለገለ ሻፍት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልገን በአውቶቡስ ተላከልን። ሳይገጠም ከአሮጌው ጎን አጋድመን አስተያየነው፦ ርዝመቱ፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ጥርሶች ብዛት፣ በውጭው መጋጠሚያ ላይ ያለው የኤ.ቢ.ኤስ. (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ጥርሳም ቀለበት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቀለበቱ ከሌለ ወይም ጥርሱ ከተለየ መኪናው ይሄዳል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ግን አይጠፋም፣ ሌላ ፍለጋም ይጀመራል። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ እሱንም ፈትተን መንገዶቹን በጥፍር አየናቸው። ልሙጥ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነት መጋጠሚያ የሚሆነውን ጥቁር የሞሊብዲነም ግራሶ ሞላንበት፤ የተለመደው የኩሽኔታ ግራሶ እዚህ ቦታ የለውም። አዲሱን ሽፋን ከማሰራችን በፊትም በውስጡ የታመቀው አየር እንዲወጣ ጠርዙን ከፈት አደረግነው፤ አለበለዚያ ሽፋኑ ይነፋና ቶሎ ይቀደዳል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ተቀዳ፤ ጠቁሯል እንጂ የብረት ፍንጣሪ አልነበረበትም። ጂ.ኤል. 5 ቁጥር 90 የተባለውን የዲፈረንሻል ዘይት ሞላንበት።

ጎማውን መልሰን ስንገጥም አንድ ነገር አገኘን። የመኪናዋ ቸርኬዎች አሉሚኒየም ናቸው፣ ዳዶዎቻቸውም ጠፍጣፋ ቀለበት ያላቸው። በቀኙ የኋላ ጎማ ላይ ካሉት አምስት ዳዶዎች ሁለቱ ግን አፋቸው ሾጣጣ የሆነ፣ ለብረት ቸርኬ የሚያገለግሉ ናቸው። ሾጣጣው በጠፍጣፋው መቀመጫ ላይ ጠርዙን ብቻ ይነካል፤ የጠበቀ ይመስላል፣ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ይላላል። ሁለቱንም ለወጥናቸው። ለማጥበቅ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ አንዱን ዘሎ አንዱን በኮከብ ቅርጽ። መለኪያ ቁልፍ ለሌለው ሰው፣ ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ የ21 ኪሎ ጉልበት ይበቃል። ቁልፉ ላይ ወጥቶ የሚቆም 70 ኪሎ ሰው የሚያሳርፈው ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ቡሎን የሚበጠሰውም የፍሬን ዲስክ የሚጣመመውም እንዲህ ነው።

በማግስቱ በዚያው በሰርቦ መንገድ በ80፣ ቀጥሎም ወደ አጋሮ በሚወስደው አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ሞከርናት። ወንበሩ ጸጥ ብሏል፣ ጉርምርምታው የለም። መምህሩ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰው መጥተው ዳዶዎቹን እንደገና አየናቸው፤ የላላ አልነበረም። የግራው የኋላ ሻፍት የላስቲክ ሽፋን እጥፋቱ ላይ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ ገና አልተቀደደም፣ ግራሶም አልወጣም። የቡናው ለቀማ እንዳለቀ እሱን ሊያስለውጡ፣ አራቱንም ጎማዎች በአንድ ላይ ለመግዛትም ከወዲሁ ገንዘብ ሊያስቀምጡ ተነጋግረናል።